ዋተር ፖሎ፤ ጀማሪ ቡድን ከኃያላን ጋር ሲጋጠም

በቶኪዮ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ፣ በ2021 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የደቡብ አፍሪካ የሴቶች ዋተር ፖሎ ቡድን ከኔዘርላንድስ ቡድን ጋር ተጋጥሞ 33 ለ 1 ተሸነፈ። በሴቶች የኦሊምፒክ ዋተር ፖሎ ይህን ያህል ሰፊ የጎል ልዩነት ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። (አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ውጤት የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «ታዲያ ምን አስኬዳቸው?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ደካማ ሆኖ ከብርቱ ጋር የሚጋጠም ሁሉ፣ ቡድንም ይሁን ተማሪ ወይም አገር፣ አንድ ቀን መልስ ሊሰጥበት የሚገባ ነው። እኛም በውኃ ስፖርት ገና ጀማሪዎች ስለ ሆንን ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል። ስለዚህ ስለ ጨዋታው ምንነት፣ ጎሉ እንዲህ የሚበዛበትን ምክንያትና ከእንዲህ ያለ ሽንፈት የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ ጥቂት ማስረዳት ሳይጠቅም አይቀርም።

ጨዋታው ምን ዓይነት ነው?

ዋተር ፖሎ በጥልቅ ውኃ ውስጥ እየዋኙ የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ ነው። የመጀመሪያዎቹን ደንቦች በ1870ዎቹ ዓመታት ያወጣው ዊሊያም ዊልሰን የተባለ የስኮትላንድ ሰው ነው። ወንዶች ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሴቶች ግን ከመቶ ዓመት በኋላ በ2000 ዓ.ም. በሲድኒ በኦሊምፒክ ተጫውተውታል። በአንድ ወገን በረኛው ጭምር ሰባት ሰዎች ይሰለፋሉ። ጎሉ በወርዱ ሦስት ሜትር ሲሆን ከውኃው በላይ ያለው ከፍታ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጨዋታው እያንዳንዳቸው ስምንት ደቂቃ በሚሆኑ አራት ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ ኳስ በቆመ ቍጥር ሰዓቱም ስለሚቆም ግን በእውነቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ከደንቦቹ ሁሉ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ከበረኛው በቀር ማንም ተጫዋች ኳሷን በሁለት እጁ ሊይዝ አይችልም። ሁለተኛው፣ መሬት መርገጥ ክልክል ነው። እግር ኳስ ተጫዋች ሲደክመው ቆም ይላል፤ የዋተር ፖሎ ተጫዋች ግን የሚቆምበት መሬት የለውም። ማረፍም ቢፈልግ እየሠራ ነው የሚያርፈው። ለዚህ የሚያገለግለው የእግር አመታት ከተራው ዋና የተለየ ነው፤ ጕልበትን ከፍቶ ሁለቱን እግር እያፈራረቁ፣ እንቁላል እንደሚመታበት መሣሪያ ማሽከርከር ነው። ይህን በሚገባ የተማረ ሰው ደረቱን ከውኃ በላይ አውጥቶ በአንድ እጁ ኳስ ይወረውራል፤ ያልተማረ ሰው ግን ኃይሉን ሁሉ ላለመስጠም ይጨርሳል።

ጥፋቱም በየዓይነቱ ነው። ተራ ጥፋት ከሆነ ኳሷ ለተበደለው ወገን ትሰጣለች። ኳስ ያልያዘውን ተጋጣሚ የሚይዝ፣ የሚጎትት ወይም ወደ ታች የሚደፍቅ ተጫዋች ግን ለጊዜው ከሜዳ ይወጣል፤ በቶኪዮ ጊዜ በነበረው ደንብ ቅጣቱ ሃያ ሴኮንድ ነበር። ሦስት ጊዜ እንዲህ ያለ ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች በዚያው ጨዋታ አይመለስም። በዚሁ ደንብ የሚያጠቃው ቡድን በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ኳሷን ወደ ጎል ካልወረወረ ትወሰድበት ነበር።

ጎሉ ለምን ይበዛል?

በእግር ኳስ ደካማ ቡድን በሩን ዘግቶ፣ ኳስ እየጠለዘ፣ አንድ ለባዶ ተሸንፎ ወይም በዕድል አቻ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በዋተር ፖሎ ይህ መንገድ የተዘጋ ነው፤ ምክንያቱም ድካም ጎልን በቀጥታ ይወልዳል። ነገሩ እንዲህ ነው። በዋና የሚበለጠው ተከላካይ ከአጥቂው ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። ወደ ኋላ የቀረ ሰው ያለው አማራጭ ወይ መልቀቅ ወይ መያዝ ነው፤ ስለዚህ ይይዛል። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ያስወጣዋል። አሁን ስድስት አጥቂዎች በአምስት ተከላካዮች ላይ ሆኑ ማለት ነው፤ የሠለጠነ ቡድን በነዚህ ሃያ ሴኮንዶች ውስጥ ኳሷን ከእጅ ወደ እጅ አዙሮ ባዶ የቀረውን ሰው ያገኛል። ጎል ይሆናል። የቀሩት አምስቱ የስድስት ሰው ሥራ ሲሠሩ ስለ ቆዩ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይዘገያሉ፤ ሲዘገዩ ይይዛሉ፤ ሲይዙ ይወጣሉ።

በማጥቃትም በኩል እንዲሁ ነው። ደካማው ቡድን ሠላሳው ሴኮንድ እንዳያልቅበት ሲጣደፍ ከሩቅ ይወረውራል፤ በረኛው ይይዝና ወዲያው ወደ ፊት ለሚዋኘው ጓደኛው ይልካል። ያ ሰው ሦስት ሜትር ከቀደመ የሚደርስበት የለም። ስለዚህ 33 ለ 1 ማለት «ሠላሳ ሦስት እጥፍ ያንሳሉ» ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ክፍል የነበረው የግማሽ ሜትር ልዩነት በአራተኛው ክፍል አምስት ሜትር መሆኑን ነው የሚያሳየው። ጨዋታው ትንሿን ልዩነት እያባዛ ይቈጥራል። ይህን የተረዳ ሰው ውጤቱን አይቶ ለመሳቅ አይቸኵልም።

በቶኪዮ የታዩ ሁለት ተሸናፊዎች

የደቡብ አፍሪካ ሴቶች በዚያ ኦሊምፒክ ከኔዘርላንድስ ሌላ በስፔን 29 ለ 4፣ በካናዳ 21 ለ 1፣ በአውስትራልያም 14 ለ 1 ተሸንፈዋል። ለአገራቸው ሴቶች የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ዋተር ፖሎ ነበር። ወንዶቹም ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለፋቸው ነበር። እነሱም በኢጣልያ 21 ለ 2፣ በአሜሪካ 20 ለ 3፣ በሀንጋሪ 23 ለ 1፣ በግሪክ 28 ለ 5፣ በመጨረሻም በጃፓን 24 ለ 9 ተሸነፉ። እዚህ ላይ ቍጥሮቹን በጥንቃቄ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይታያል። ወንዶቹ ያገቡት በቅደም ተከተል 2፣ 3፣ 1፣ 5፣ 9 ነው። እርግጥ ነው፣ ጃፓን እንደ ሀንጋሪ ብርቱ አይደለችም። ቢሆንም በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከሁለት ጎል ወደ ዘጠኝ ጎል የደረሰ ቡድን ምንም አልተማረም ማለት አይቻልም።

ሁለተኛዋ ተሸናፊ ራሷ ጃፓን ናት። የጃፓን ወንዶች ከ1984 ዓ.ም. በኋላ ለ32 ዓመት ከኦሊምፒክ ርቀው ቆይተው በ2016 ዓ.ም. ወደ ሪዮ ሄዱ። እዚያም አምስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው ከአሥራ ሁለቱ ቡድኖች መጨረሻ ሆኑ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ «ምን አስኬዳቸው» የሚለው ሰው በረታ ነበር። ነገር ግን ጃፓኖች ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ እውነት ተቀብለው ነበር፤ ይኸውም በቁመትና በክብደት ከሰርቢያና ከሀንጋሪ ሰዎች ጋር ሊመዘኑ እንደማይችሉ ነው። አጥቂውን ከጀርባ ሆኖ በጕልበት መግፋት ለነሱ የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አጠነከሩ። ተከላካዩ ከአጥቂው ኋላ መሆኑን ትቶ ከፊቱ ይሆናል፤ ኳሷ ወደ አጥቂው በምትመጣበት መስመር ላይ ይቆማል ማለት ነው። ኳሷን ከጠለፈ አስቀድሞም ወደ ተጋጣሚው ጎል ያዘነበለ ስለ ሆነ ወዲያው ዋኝቶ ይቀድማል። አደገኛ ዘዴ ነው፤ ኳሷ በራሱ ላይ ካለፈች አጥቂውን ከበረኛው ጋር ብቻውን ይተወዋል። ነገር ግን ትንሽና ፈጣን ለሆነ ሰው የተስማማ ነው።

በቶኪዮ ውጤቱ ታየ። ጃፓን በአሜሪካ የተሸነፈችው 15 ለ 13 ነው፤ በኋላ የብር ሜዳልያ በወሰደችው በግሪክ የተሸነፈችውም 10 ለ 9 ነው። ደቡብ አፍሪካንም እንዳየነው አሸነፈች። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ በፓሪስ ተሰለፈች። በዚያው በፓሪስ ግን ከወንዶቹ አሥራ ሁለት፣ ከሴቶቹም አሥር ቡድኖች መካከል አንድም የአፍሪካ ቡድን አልነበረም።

እንግዲህ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ሁለቱም ተሸንፈዋል፤ ሁለቱም ከሚበልጧቸው ጋር ተጋጥመዋል። አንደኛዋ ሽንፈቷን ይዛ ሄዳ፣ አጥንታ፣ ለሚቀጥለው ዙር ተመለሰች። የሌላዪቱ ግን ትምህርቱ በተጀመረበት ቦታ ተቋረጠ። ሽንፈት በራሱ አስተማሪ ነው ሲባል እንሰማለን፤ ይህ አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ሽንፈት የሚያስተምረው እንደ ገና ለሚጋጠም ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚጋጠም ሰው ግን ትዝታ ሆኖ ይቀራል።

የኛስ ነገር?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በዋተር ፖሎ ኦሊምፒክ ላይ ተሰልፋ አታውቅም፤ በዋና ግን ልጆቿን ልካለች። የዓለም የዋና ድርጅት የሚፈለገውን ሰዓት ያላሟሉ አገሮች አንድ ሁለት ሰው እንዲልኩ ይፈቅዳል፤ ዓላማውም ስፖርቱ በዓለም ሁሉ እንዲስፋፋ ነው። በዚህ ዕድል ሮቤል ኪሮስ በ2016 ዓ.ም. በሪዮ በ100 ሜትር ነጻ ዋና ተወዳደረ። ሰዓቱ 1 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ከ95 መቶኛ ሆነ፤ ከተወዳደሩት 59 ሰዎች 59ኛ ወጣ። በፍጻሜው ያሸነፈው የአውስትራልያው ካይል ቻልመርስ 47 ሴኮንድ ከ58 መቶኛ ነበር የፈጀበት። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንደሚባለው፣ የሮቤል ሥዕል በዓለም ዙሪያ የመሳቂያ ዕቃ ሆነ፤ በሰውነቱ ተቀለደ፤ በአገር ውስጥም ስለ አመራረጡ ክርክር ተነሣ።

ስለ ምርጫው መከራከር ተገቢ ነው። ከሳቁ መካከል ግን መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀረ፤ ከሱ በፊት የተላኩት የት ደረሱ? ከሱስ በኋላ ማን ይመለሳል? በ2012 ዓ.ም. ወደ ለንደን የሄዱት ያኔት ሥዩምና ሙሉዓለም ግርማ ነበሩ። በሪዮ ከሮቤል ጋር ራሔል ፍስሐ ነበረች። በቶኪዮ አብዱልማሊክ ሙክታር፣ በፓሪስ ሊና ዓለማየሁ ዋኝተዋል። በአራት ኦሊምፒክ ስድስት ሰው ሄደ፤ ከስድስቱ ግን ለሁለተኛ ጊዜ የሄደ አንድም የለም። እያንዳንዱ የመጀመሪያውን ትምህርት ተምሮ ተመለሰ፤ ሁለተኛውን ትምህርት የተማረ የለም። ጥፋቱን በዋናተኞቹ ላይ መጫን ደግ አይደለም። በየአራት ዓመቱ እንደ አዲስ የሚጀምር ሰው ሁልጊዜ ጀማሪ ነው።

ይህ ነገር በአገራችን ያልተለመደ ሆኖ አይደለም። ማሞ ወልዴ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባችበት በ1956 ዓ.ም. በሜልበርን 800 እና 1,500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። በዚያን ጊዜ «ሩጫ ለኛ አይሆንም» ተብሎ ቢቀር ኖሮ ማን ይፈርድ ነበር? ማሞ ግን በ1964 ዓ.ም. ወደ ቶኪዮ ተመልሶ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። በ1968 ዓ.ም. በሜክሲኮ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ አገኘ። በ1972 ዓ.ም. በሙኒክ አርባ ዓመት ሆኖት እንኳ በማራቶን ነሐስ ወስዷል። ከማጣሪያው ከቀረበት ቀን እስከ ወርቁ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ወርቁን ሁሉ ሰው ያስታውሳል፤ አሥራ ሁለቱን ዓመት የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ከዚህ የበለጠ ቅርብ ምስክር የሚፈልግ ሰው ወደ ቂርቆስ ወርዶ የአዲስ አበባን ስታዲዮም ይመልከት። የኢትዮጵያ የእግር ኳስ ቡድን በ1957 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በ1959 ዓ.ም. በካይሮ ያንኑ ተጋጣሚ ገጠመ፤ አሁንም 4 ለ 0 ተሸነፈ። አንዲት ጎል እንኳ አልተሻሻለም። ሦስተኛው ጊዜ በ1962 ዓ.ም.፣ በኛ አቆጣጠር በጥር 1954 ዓ.ም.፣ በዚሁ በቂርቆስ ሆነ። መደበኛው ጊዜ ሁለት ለሁለት አለቀ፤ በተጨማሪው ጊዜ ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። በአገር ሜዳ፣ በአገር ሕዝብ ፊት መሆኑ እንደ ረዳ አይካድም። ነገር ግን ከሁለተኛው አራት ለባዶ በኋላ «ከግብፅ ጋር መጋጠም ይቅርብን» ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ያ የጥር ቀን አይኖርም ነበር።

ውኃው የት ነው?

«ሩጫ መንገድ ብቻ ይፈልጋል፤ እግር ኳስም ሜዳ፤ ዋና ግን ውኃ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ባሕር የለንም» የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ መልሱ ሀንጋሪ ናት። ሀንጋሪም ባሕር የላትም፤ ዙሪያዋን በሌሎች አገሮች የተከበበች ናት። ቢሆንም በወንዶች ዋተር ፖሎ ዘጠኝ የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት ከዓለም አንደኛ ናት። ዋና ከተማዋ ቡዳፔስት የፍል ውኃ ከተማ ናት፤ ሕዝቧ በክረምቱ ብርድ ሳይቀር በሞቀ ገንዳ ይታጠባል፣ ይዋኛል። በ1896 ዓ.ም. በመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ በዋና ያሸነፈው አልፍሬድ ሀዮሽ የቤት ንድፍ መሐንዲስ ነበርና በ1930 ዓ.ም. የተከፈተውን የከተማይቱን ብሔራዊ መዋኛ ራሱ ነድፎ አሠርቶታል። አንድ ዋናተኛ ከሜዳልያው ይልቅ ለሚከተሉት ያተረፈላቸው ገንዳውን ነው።

እስቲ አሁን አዲስ አበባን እንመልከት። ይህች ከተማ የተቈረቈረችው በምን ምክንያት ነው? ከእንጦጦ ብርድ ወደ ታች ወርደው በፍል ውኃው ዙሪያ የሰፈሩት እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ አይደሉምን? ከካዛንቺስ ወደ ምዕራብ ወረድ ሲባል ያ ፍል ውኃ ይገኛል። ካዛንቺስ ራሱ ስሙን ያገኘው የኢጣልያ መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት ከሚሠራበት «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤት ማለት ነው። በ1969 ዓ.ም. የተከፈተው ሂልተን ሆቴል መዋኛው ከምድር በሚወጣ ፍል ውኃ የሚሞቅ ነው፤ ቅርጹም የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ተከትሎ በመስቀል አምሳል የተሠራ ነው። ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የግዮን ሆቴል መዋኛም ብዙ የአዲስ አበባ ልጆች ዋና የለመዱበት ነበር። እንግዲህ በአንድ ክፍለ ከተማ ዙሪያ ፍል ውኃም፣ መዋኛም፣ የአገሪቱ ትልቅ ስታዲዮም ተሰብስበው እናገኛለን። «ውኃ የለንም» ማለት አይቻልም። የጎደለው ለተራው ልጅ የተከፈተ ውኃ ነው። የሆቴል መዋኛ የሚከፍል እንግዳ ይጠብቃል፤ ከሰፈሩ በታች የሚወርዱት ግንፍሌና ቀበና ደግሞ በፍሳሽ ስለ ተበከሉ ለዋና የሚሆኑ አይደሉም።

አንድ የዋተር ፖሎ ገንዳ ምን ያህል ነው? ሃያ አምስት ሜትር ርዝመት፣ ሃያ ሜትር ወርድ፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት ቢኖረው አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ውኃውም ወደ 26 ዲግሪ ያህል መሞቅ ይኖርበታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለች፣ ሌሊቱ በሚበርድባት ከተማ ከባዱ ወጪ ማሞቂያው ነው፤ ተፈጥሮም ከእግራችን ሥር ያስቀመጠችው ይህንኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር የካዛንቺስ ብዙው የድሮ ሰፈር ለኮሪደር ልማት ፈርሷል፤ ነዋሪውም ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሰፈር እንደ ገና ሲነደፍ መንገድና ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ልጆች የሚማሩበት ገንዳ ይኑርበት ብሎ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 ዓ.ም. ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰው ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል፤ አብዛኛውም በድኾች አገሮች ነው። ዋና የሚያስተምር ገንዳ አስቀድሞ ነፍስ አዳኝ ነው፤ ሜዳልያው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ተማሪዎች ቡድን ቢያቋቍሙ

በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ቡድን ቢቋቋም፣ ከላይ ከተነገረው የሚከተሉትን ምክሮች ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ ኳስ ከመያዝ በፊት እግር ይማር። ያንን የሚሽከረከር የእግር አመታት አሥር ደቂቃ ሳያቋርጥ መሥራት የማይችል ሰው ጨዋታ ቢገባ የሚማረው መስጠም ብቻ ነው። በከተማችን ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ልምምዱ አጭር አጭር እየሆነ፣ ዕረፍት እየተሰጠው፣ ቀስ በቀስ መርዘም ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ ከሚበልጥ ቡድን ጋር ግጥሚያ ሲያዝ አንድ ጨዋታ ብቻ አይያዝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሦስት ይያዝ፤ በመካከላቸውም ለመለማመድ የሚበቃ ጊዜ ይኑር። የመጀመሪያው ሰፊ ሽንፈት እንደሚሆን ሁሉም አስቀድሞ ይወቀው። ሁለተኛውና ሦስተኛው መኖራቸውን የሚያውቅ ተጫዋች በመጀመሪያው አይሰበርም፤ ዓይኑን ከፍቶ ያያል።

ሦስተኛ፣ መዝገብ ይያዝ። የጎሉን ብዛት ዳኛው ይጽፈዋል፤ ቡድኑ ግን ሌላ ነገር ይጻፍ። በእያንዳንዱ ክፍል ስንት ጎል ገባብን? ስንት ሰው ተባረረብን? የማጥቃቱ ጊዜ ሳንወረውር ስንት ጊዜ አለቀብን? 20 ለ 2 የተሸነፈ ቡድን በሚቀጥለው 20 ለ 3 ቢሸነፍ ለተመልካች ምንም ለውጥ የለም። የተባረሩት ሰዎች ከአሥራ አራት ወደ ስምንት ከወረዱ ግን ተጫዋቹ በዋና እንደ ተሻለ መዝገቡ ይመሰክርለታል።

አራተኛ፣ ይህ ለተማሪ ቡድን ከሁሉ የሚበልጥ ነው፣ ታናናሾቹ ይሰለፉ። ተማሪ በሦስት በአራት ዓመት ይመረቅና ይሄዳል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ብቻ የተሰለፉበት ቡድን የተማረውን ሁሉ ይዞ ከጋዎን ጋር ከግቢ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡትም ያንኑ የመጀመሪያ ሽንፈት እንደ አዲስ ይሸነፋሉ። ከሰባቱ ቢያንስ ሦስቱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቢሆኑ፣ በዛሬው ጨዋታ ጥቂት ጎል ሊያስከፍል ይችላል፤ ነገር ግን ቡድኑ የሚመለስበትን መንገድ ይጠብቃል። ሰው ይመረቃል፤ ቡድን ግን መመረቅ የለበትም።

በመጨረሻ፣ ተመልካችም የራሱ ድርሻ አለው። ጀማሪ ሲሸነፍ የሚስቅ ሰው አንድን ተጫዋች ብቻ አያሳፍርም፤ ነገ ሊሞክር የነበረውን ሌላውን ልጅ ከገንዳው አፍ ይመልሰዋል። በሮቤል የሳቅን ሰዎች በዚያ ሳቅ ስንት ልጅ ዋናን እንደ ተወ ልናውቀው አንችልም። እንግዲህ የአንድ ወጣት ቡድን ወሬ ወደኛ ሲደርስ «ስንት ለስንት?» ብለን እንጠይቅ፤ ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን እዚያ ላይ አናቍም። «ሁለተኛው ጨዋታ መቼ ነው?» ብለን እንጨምር። ለዚህ ጥያቄ ቀን ቈርጦ የሚመልስ ቡድን፣ የመጀመሪያው ውጤት 33 ለ 1 እንኳ ቢሆን፣ ገና አልተሸነፈም።